ከሰማይ የወረደ መሣሪያ፣ ሰማይ ላይ የቀረ ሥርዓት

ባለፈው ዓመት አንድ የማውቀው የሕንፃ ባለቤት፣ «መጥተህ የሠራተኞቼን ደኅንነት እይልኝ፤ ዕቃው ሁሉ ተሟልቷል» ብሎ ጠራኝ። እውነቱን ነው፣ ዕቃው ተሟልቷል። ሰባተኛ ፎቅ ላይ የውጭውን ግድግዳ የሚለስኑት ልጆች ሁሉ ሄልሜት አድርገዋል። ትከሻና ጭናቸውን የሚያቅፈውን፣ በየሳይቱ «ሴፍቲ ቤልት» እያልን የምንጠራውን ማሰሪያም ታጥቀዋል። ማሰሪያው አዲስ ነው፤ ከላስቲኩ የወጣው በዚያው ሳምንት ይመስላል። ቀረብ ብዬ ስመለከት ግን የአንዳቸውም ገመድ ከምንም ነገር ጋር አልተያያዘም። መንጠቆውን መልሰው የገዛ ደረታቸው ላይ ቆልፈውታል።

ከልጆቹ አንዱን፣ «ለምን አታስረውም?» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ የት ልሰረው?» አለኝ።

ዙሪያዬን ቃኘሁ። ከፊቱ ያለው በሚስማርና በሽቦ የተያያዘ የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ልጁ ቢወድቅ አብሮት የሚወርድ እንጂ የሚይዘው አይደለም። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ እኔ ግን በዚያች ቅጽበት የምሰጠው መልስ አልነበረኝም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የልጁ ጥያቄ ነው። የሥራ ዘመኔን ግማሽ ያሳለፍኩት በአውሮፕላን ጥገና ውስጥ፣ ተሳፋሪ በማያየው አንድ ክፍል ነው። ሥራችን የሕይወት አድን ጃኬቶችን፣ የአደጋ ጊዜ መንሸራተቻዎችን፣ የሚነፉ ጀልባዎችንና የኦክስጅን ሲሊንደሮችን በተወሰነላቸው ጊዜ አውርዶ፣ ከፍቶ፣ ፈትሾ፣ ፈርሞ መመለስ ነበር። ያንን ሥራ ከለቀቅኩ ወዲህ የግንባታና የፋብሪካ ደኅንነት አማካሪ ነኝ። በሁለቱም በኩል ስለቆምኩ አንድ ነገር ይታየኛል። ዛሬ በግንባታ ቦታ፣ በእሳት አደጋና በረድኤት ሥራ ላይ ከምንጠቀምባቸው ዕቃዎች ብዙዎቹ ከበረራው ዓለም የመጡ ወይም ከእርሱ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው። ዕቃዎቹ ወርደው እጃችን ገብተዋል። ዕቃዎቹን የሚያሠራው ሥርዓት ግን አብሮ አልወረደም። በበኩሌ ሰው የሚጎዳው በዚህ ክፍተት ነው እላለሁ። እስኪ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

የሕይወት አድን ጃኬት

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የበረራ ቁጥር 961 በሦስት ሰዎች ተጠልፎ ወደ አውስትራሊያ እንዲሄድ ታዘዘ። ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ሲያርፍ፣ ከተሳፈሩት 175 ሰዎች መካከል 125ቱ ሞቱ። የካፒቴን ልዑል አባተና የባልደረቦቹ ጀግንነት በሰፊው ተነግሯል። ብዙም ያልተነገረው የጃኬቱ ነገር ነው። በመጀመሪያው ግጭት ካልሞቱት ተሳፋሪዎች ብዙዎቹ ጃኬታቸውን የነፉት ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነበር። ውኃው ወደ ውስጥ ሲሞላ የተነፋው ጃኬት ወደ ጣሪያው አነሳቸው፤ ጠልቀው ወደ በሩ መውጣት ሳይችሉ ቀሩ።

ጃኬቱ አልተበላሸም ነበር። የተሠራለትን ሥራ በሚገባ ሠርቷል፤ ሰውን አንሳፍፏል። የጎደለው «ከበሩ ስትወጡ ንፉ» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር በተሳፋሪው ጭንቅላት ውስጥ መኖሯ ነበር። ከዚያን ዕለት ወዲህ የበረራ አስተናጋጅ መመሪያ ስትሰጥ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ባየሁ ቁጥር ይከፋኛል።

ሁለተኛው ታሪክ የራሴ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይና በኦሞ ወንዝ ዳርቻ ጎርፍ ብዙ ሕዝብ በጨረሰበት ጊዜ፣ በረድኤት ሥራ የተሰማራ አንድ ወዳጄ፣ «ከአውሮፕላን የወረዱ አሮጌ ጃኬቶች ካሉ አስጡን፤ ከባዶ ይሻላል» አለኝ። ሐሳቡ ቅን ነበር። የተወገዱ ጥቂት ጃኬቶችን ፈትሼ ላሳየው ወሰንኩና በሲሊንደራቸው ነፍቼ አንድ ሌሊት አሳደርኳቸው። ጠዋት ስንመለስ የተወሰኑት አየር ለቅቀው ጠፍጥፈው አገኘናቸው። ወዳጄ ዝም አለ። ከባዶ እንደማይሻል ገባው። ባዶ እጁን ያለ ሰው ከውኃው ይጠነቀቃል፤ ጃኬት የለበሰ ሰው ግን ይገባበታል።

አዲስ ቢሆንም እንኳ የአውሮፕላን ጃኬት ለጎርፍ ሥራ አይመችም። የተሠራው ከወንበር ሥር ተጣጥፎ እንዲቀመጥ፣ አንድ ጊዜ እንዲነፋና ሰው እስኪደርስ ባሕር ላይ እንዲያቆይ ነው። ጨርቁ ስስ ስለሆነ ግንድና ቆርቆሮ ይዞ በሚወርድ ደራሽ ውኃ ውስጥ በቀላሉ ይቀደዳል። ለጎርፍ ሠራተኛ የሚሻለው በውስጡ ስፖንጅ መሰል ነገር ያለው፣ ቢቀደድም የሚንሳፈፍ ወፍራም ጃኬት ነው። ከአቪዬሽን መውሰድ ያለብን ጃኬቱን ሳይሆን ጃኬቱ ላይ የተለጠፈውን የፍተሻ ቀን ነው።

ከፓራሹት የተወለደው ማሰሪያ

አሁን ወደ ሰባተኛ ፎቅ እንመለስ። ልጆቹ የታጠቁት ማሰሪያ የሥጋ ዘመዱ ፓራሹት ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1919 ሌስሊ ኧርቪን የተባለ አሜሪካዊ ከሚበር አውሮፕላን ዘሎ፣ በገዛ እጁ ስቦ በከፈተው ፓራሹት መሬት ደረሰ። ከዚያ በኋላ የፓራሹት ሠሪዎች የተማሩት ትልቅ ነገር ጨርቁን ብቻ የሚመለከት አልነበረም። ፓራሹቱ ድንገት ሲከፈት የሚመጣውን ንጥቂያ የሰው አካል የትኛው ክፍል ይችለዋል? ወገብ አይችለውም። ጭን፣ ዳሌ፣ ደረትና ትከሻ ተካፍለው ግን ይችሉታል። በእግር መካከል የሚያልፉት ጠፍሮች የመጡት ከዚህ ነው።

መሬት ላይ ይህ ትምህርት ቶሎ አልደረሰም። መስኮት የሚጠርጉና ምሰሶ የሚወጡ ሠራተኞች ለብዙ አሥርት ዓመታት ወገባቸውን ብቻ በቀበቶ ታጥቀው ሠርተዋል። ሲወድቁ ቀበቶው ወይ አከርካሪያቸውን ይጎዳል፣ ወይ ወደ ደረታቸው ተንሸራቶ ትንፋሽ ያሳጣቸዋል። አሜሪካ የወገብ ቀበቶን ለውድቀት መከላከያነት የከለከለችው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1998 ጀምሮ ነው። ቀበቶው ቀረ፣ ስሙ ግን ቀረን፤ እኛ ዛሬም ሙሉውን ማሰሪያ «ቤልት» እንለዋለን።

ማሰሪያው ብቻውን ግን ግማሽ መሣሪያ ነው። አንባቢ ቀለል ያለ ስሌት ይከተለኝ። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 2 ሜትር ወርዶ ገመዱ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቀጥ ቢያደርገው፣ አካሉ ላይ የሚያርፈው አማካይ ኃይል የአንድ ቶን ተኩል ክብደት ያህል ነው። ያው ሰው ያንኑ 2 ሜትር ወርዶ በ1 ሜትር ርቀት ውስጥ ቀስ ብሎ ቢቆም፣ ኃይሉ ወደ 225 ኪሎ ይወርዳል። ልዩነቱን የሚያመጣው ገመዱ ላይ በከረጢት ታሽጎ የተሰፋው፣ ሲሳብ ስፌቱ እየተተረተረ የሚረዝመው ክፍል ነው። ሥራው ከመኪና ሾክ አብዞርበር ጋር አንድ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ በሠራተኛው ላይ ማረፍ ያለበት ኃይል ከ1,800 ፓውንድ፣ ማለትም ከ816 ኪሎ ገደማ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህ ከረጢት የሌለው ተራ የናይሎን ገመድ በማሰሪያው ላይ ቋጥሮ «ሴፍቲ አለኝ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ቀጥሎ «የት ልሰረው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ያው ደንብ ማሰሪያ ነጥቡ ለአንድ ሠራተኛ 5,000 ፓውንድ፣ ከ2.2 ቶን በላይ መቻል አለበት ይላል፤ ወይም ባለሙያ አስልቶ በቂ የመጠባበቂያ አቅም ሰጥቶ ሊሠራው ይገባል። በግርድፉ አንድ ሚኒባስ ታክሲ ቢንጠለጠልበት የማይነቃነቅ ነገር ማለት ነው። አጣና፣ የመስኮት ፍሬም፣ የውኃ ቧንቧ ይህንን አይችሉም። የደረቀ የኮንክሪት ኮሎን ወይም በመሐንዲስ የተሰላ የብረት መልሕቅ ይችላል።

ከፍታውም ይቆጠራል። ገመዱ 1.8 ሜትር፣ ሲተረተር የሚጨምረው 1.1 ሜትር፣ ከጀርባ ቀለበቱ እስከ ጫማ 1.5 ሜትር፣ ለመለጠጥና ለጥንቃቄ 0.9 ሜትር ቢያዝ፣ ሠራተኛው ከታሰረበት ነጥብ በታች 5.3 ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል። አንደኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ገመዱን እግሩ ሥር ያሰረ ሰው እንግዲህ ገመዱ ሳያቆመው መሬት ይቀበለዋል። ለዚህ ነው ከራስ በላይ እሰሩ የሚባለው።

ተይዞ መትረፍም መጨረሻው አይደለም። በማሰሪያ ተንጠልጥሎ የቀረና እግሩን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው ደሙ እግሩ ውስጥ ይጠራቀማል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ባወጣው ማስጠንቀቂያ መሠረት ከ30 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ራስን ስቶ ለሞት ሊዳርግ ይችላል። በሥራ መውጫ ሰዓት የአደጋ ጊዜ መኪና ከመገናኛ ሜክሲኮ አደባባይ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አስቡት። ስለዚህ ተንጠልጣዩን ማን፣ በምን መሰላልና በየት በኩል እንደሚያወርደው ሥራው ከመጀመሩ በፊት መታወቅ አለበት።

የመጨረሻው ነጥብ ዕድሜው ነው። ጠፍሩ ፖሊስተር ወይም ናይሎን ነው፤ ፀሐይ ያደክመዋል። ፖሊስተርን ደግሞ እንደ እርጥብ ሲሚንቶ ያለ ኃይለኛ አልካሊ ይጎዳዋል። በአዲስ አበባ ፀሐይ ላይ እየተሰጣ በቡኮ የሚለወስ ማሰሪያ ሁለቱንም ይቀበላል። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ያቆመ ማሰሪያ ደግሞ ምንም ጉዳት ባይታይበት እንኳ ይወገዳል። ይህን የሚያውቅ ካፖ ስንት ነው?

ከአየር የሚጣል እህል

በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ ዕድሜያቸው የደረሰ አንባብያን ሄርኩለስ የሚባለውን ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ያስታውሱታል። የእንግሊዝ አየር ኃይል ለጦር ሜዳ የተሠራውን ይህንን አውሮፕላን ከአንድ ዓመት በላይ አዲስ አበባ አስቀምጦ እህል አጓጉዞበታል፤ የምዕራብ ጀርመን ትራንሳል አውሮፕላኖችም አብረውት ነበሩ። ማረፊያ በሌለባቸው ደጋማ ቦታዎች አውሮፕላኑ 15 ሜትር አካባቢ ድረስ ዝቅ ብሎ ጆንያውን ይጥል ነበር።

ከአየር የሚጣል ጆንያ ተራ ጆንያ አይደለም። እህሉ በተደራረቡ ከረጢቶች ውስጥ ይገባል፤ የውስጠኛው መሬት ሲነካ ቢፈነዳ ሰፋ ያለው የውጭኛው እህሉን ይዞ ያስቀራል። የማሰሪያው ገመድ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ አንዱ ክፍል እየተጎዳ ሌላውን ያድናል። ከጆንያው ይልቅ ወሳኙ ግን መሬት ላይ ያለው ሰው ነው። ሜዳውን ምልክት አድርጎ፣ ሕዝብና ከብት አርቆ፣ ነፋሱን አይቶ «ጣል» ወይም «አትጣል» የሚል ሰው ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ቀድመው እየሄዱ ሜዳውን በማዘጋጀት ይረዱ ነበር።

ይህ ሥርዓት ሲጓደል ወይም ሳይፈተሽ ሲቀር ምን እንደሚከሰት በቅርብ ዓመታት አይተናል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2016 የዓለም የምግብ ፕሮግራም በሶርያዋ ዴር ኤዝ ዞር ከተማ በፓራሹት 21 ቶን ዕርዳታ ከ7,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አስጣለ። ከ21ዱ ጭነቶች አራቱ ተጎዱ፣ ሰባቱ ሁለቱ ተፋላሚዎች መካከል ወደቁ፣ የአሥሩ ደብዛ ጠፋ። ድርጅቱ ግን ስህተቱን አልሸፈነም። በይፋ ተናገረ፣ ሥራውን አቆመ፣ ዘዴውን አስተካከለና በኤፕሪል እንደገና ጀመረ። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ጭነት በቦታው እየወደቀ ሥራው እስከ 2017 ዘልቋል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2024 ጋዛ ውስጥ ከአየር በተጣለ ዕርዳታ አምስት ሰዎች መሞታቸውን የአካባቢው የጤና ባለሥልጣናት አስታውቀዋል፤ እንደተዘገበው ፓራሹቱ በትክክል አልተከፈተም። ሰዎቹ ከሥሩ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

ይህ ለከተማ ሰው ሩቅ ሊመስል ይችላል። በየቀኑ በክሬን የሚነሳ ፌሮ ሥር እናልፍ የለም ወይ? ከአየር የሚጣል ጆንያና በክሬን የሚንጠለጠል ፌሮ ለሥሩ ላለው ሰው አንድ ናቸው። በአንዱ ሜዳ ምልክት ይደረግለታል፣ ሬዲዮ የያዘ ሰው ይቆምለታል። በሌላው ግን ብዙ ጊዜ የምናየው አንድ የተበጠሰ ቢጫ ሪባን ነው።

ትንፋሽ የሚሰጡ መሣሪያዎች

እሳት አደጋ ሠራተኞች ጀርባቸው ላይ የሚያዝሉት የአየር ሲሊንደር ለረጅም ጊዜ በጣም ከባድ ስለነበር ብዙዎቹ ሳያዝሉት እሳት ውስጥ መግባት ይመርጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 የአሜሪካው የጠፈርና የአየር በረራ ተቋም ናሳ፣ ለሮኬት ሞተር ቀፎ የሚያገለግለውን ቀላልና ጠንካራ አሠራር ለዚህ ሲሊንደር አዋለው። ክብደቱ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ። ኒው ዮርክን ጨምሮ በአሜሪካ ከተሞች በእሳት አደጋ ሠራተኞች ጀርባ ላይ ከተሞከረ በኋላ ለሌሎች አምራቾች መነሻ ሆነ። መሣሪያን ለሌላ ሥራ ማዋል ሲሳካ እንዲህ ነው፤ ዕቃው እንዳለ አልተወሰደም፣ ለአዲሱ ተጠቃሚ እንደገና ተሠራ።

በአንጻሩ እንዳለ ቢወሰድ የሚገድል ዕቃም አለ። ከተሳፋሪው ራስ በላይ የሚወርደው ቢጫ የኦክስጅን ጭምብል ከጭስ አይከላከልም። የሚሰጠውን ኦክስጅን የሚቀላቅለው እዚያው ካለው አየር ጋር ስለሆነ፣ አየሩ ጭስ ከሆነ ጭሱንም ያስተነፍሳል። ሥራው ከፍታ ላይ ኦክስጅን ማሟላት ብቻ ነው። የሕክምናና የብየዳ ኦክስጅን ሲሊንደር ይዞ ወደ ጉድጓድ ወይም ወደ ታንከር መግባትም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ኦክስጅን ከዘይትና ከእሳት ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚያደርግ ማንኛውም በያጅ ይነግራችኋል። ተራው የአፍ መሸፈኛ ደግሞ አቧራ ይቀንሳል እንጂ አየር አይፈጥርም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ እንደ ጉድጓድና ታንከር ባሉ የታፈኑ ቦታዎች ከሚሞቱት ሰዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡ ናቸው ብሏል። አንዱ ይወድቃል፣ ወንድሙ ይከተለዋል፣ ጎረቤቱ ይከተላል። የእኛን ሀገር ሰው ሳስብ ይህ ቁጥር ያስፈራኛል፤ ሰው ወድቆ ቆሞ ማየት ባሕላችን አይደለምና። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ውስጥ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን የቀጠፈው የመሬት ናዳ ሁለት ጊዜ ነበር የወረደው። በሁለተኛው የተቀበሩት ብዙዎቹ በመጀመሪያው የተቀበሩትን በእጃቸውና በአካፋ ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ። ደግነታቸውን የሚመራ ሥርዓት፣ ከላይ ተራራውን የሚያይ አንድ ሰውና «ሽሹ» የሚል አንድ ፊሽካ ቢኖራቸው ኖሮ እያልኩ ዛሬም አስባለሁ።

«እዚህ ነኝ» የሚል ድምፅ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1972 ሁለት የአሜሪካ ምክር ቤት አባላትን የያዘች ትንሽ አውሮፕላን አላስካ ውስጥ ጠፋች፤ እስከ ዛሬም አልተገኘችም። በአብዛኞቹ ትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ የአደጋ ጊዜ ምልክት ሰጪ ሬዲዮ እንዲገጠም የተደረገው ከዚህ በኋላ ነው። ሶቭየት ኅብረት፣ አሜሪካ፣ ካናዳና ፈረንሳይ በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል ተስማምተው ምልክቱን በሳተላይት የሚያዳምጥ ኮስፓስ ሳርሳት የተባለ ሥርዓት መሠረቱ። ሥርዓቱ ገና በሙከራ ላይ እያለ፣ በሴፕቴምበር 1982 ካናዳ ውስጥ በወደቀች ትንሽ አውሮፕላን የነበሩ ሦስት ሰዎች ተገኙ።

ዛሬ ይህ መሣሪያ በኪስ የሚያዝ ሆኗል፤ የስልክ ኔትወርክ በሌለበት በረሃ ለሚሠራ የውኃ ቆፋሪ፣ የቅየሳ ባለሙያ ወይም የረድኤት ሠራተኛ ይጠቅማል። ነገር ግን ገዝቶ ኪስ ውስጥ መክተት አይበቃም። የባለቤቱ ስምና የሚደወልበት ስልክ ካልተመዘገበ፣ ሳተላይቱ የሚሰማው የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጩኸት ነው። አንዱ ሳያውቅ የሚነካው መሣሪያ ደግሞ በእውነት ለተቸገረው የሚሄደውን አዳኝ ያባክናል።

ሃንጋር ውስጥ ያለውና ሳይት ላይ የሌለው

እንግዲህ ከአውሮፕላን ያልወረደው ሥርዓት ምንድን ነው? ምስጢር የለውም። እኔ በሠራሁበት ክፍል እያንዳንዱ ጃኬት ቁጥርና ካርድ ነበረው፤ ካርዱ ላይ መቼ እንደተፈተሸ፣ መቼ እንደሚፈተሽና የፈተሸው ሰው ፊርማ ይሰፍራል። ፈራሚው እኔ ከሆንኩ፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ቢሆን ተጠያቂው እኔ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ የፓራሹተኛ መጠባበቂያ ፓራሹት በየ180 ቀኑ ፈቃድ ባለው ሰው ተከፍቶ፣ ታይቶ፣ ታጥፎ፣ በማኅተም ይታሸጋል፤ ባይከፈትም፣ ባያገለግልም።

ሁለተኛው ሊደርስ ሲል የቀረውን አደጋ መናገር ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974 ዋሽንግተን አጠገብ አንድ አውሮፕላን ተራራ መትቶ 92 ሰዎች ሞቱ። በኋላ እንደተረጋገጠው ከስድስት ሳምንት በፊት የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ቦታ በዚያው ስህተት ለጥቂት ተርፈው ነበር። ያ አየር መንገድ ያስጠነቀቀው የራሱን አብራሪዎች ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1976 ማንኛውም የበረራ ሰው ስሙ ሳይገለጥ ስህተቱን የሚያስታውቅበት ሥርዓት በናሳ ሥር ተቋቋመ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይላል የእኛ ሰው። በየሳይቱ ግን «ለጥቂት ተረፍኩ» ያለ ሠራተኛ የሚያገኘው ወይ ሳቅ ነው፣ ወይ ስንብት።

ከመግዛትና ከመቀበል በፊት

ድርጅታችሁ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሊገዛ ወይም በዕርዳታ ሊቀበል ሲል የሚከተሉትን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ይህ ዕቃ በመጀመሪያ የተሠራው ለምን ሥራ ነበር? የእኛ ሥራ ከዚያ በምን ይለያል?

ሁለተኛ፣ የተመረተበት ቀን፣ የአገልግሎት ዘመኑና የመጨረሻ ፍተሻው ተጽፏል? ካልተጻፈ የቱንም ያህል አዲስ ቢመስል አትቀበሉት።

ሦስተኛ፣ አብሮት ምን ሊኖር ይገባል? ማሰሪያ ከሆነ መልሕቅ፣ ሲሊንደር ከሆነ መሙያና ፈታሽ፣ ምልክት ሰጪ ከሆነ ምዝገባ።

አራተኛ፣ ተጠቃሚው በገዛ ቋንቋው ተነግሮትና በእጁ ሞክሮ ያውቀዋል? እንግሊዝኛ መመሪያ ካርቶን ውስጥ መኖሩ ሥልጠና አይደለም።

አምስተኛ፣ በየወሩ አይቶ የሚፈርመው ማን ነው? ስሙን ጥሩት። ስም ካልተጠራ ማንም አያየውም።

ስድስተኛ፣ መሣሪያው ሥራውን ከሠራ በኋላ ሰውየውን ማን፣ እንዴት ያወጣዋል?

ሕጉም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙ መመሪያ እንዲሰጥ፣ ሠራተኛውም በአግባቡ እንዲጠቀምበት ያስገድዳል። ማቅረብ ብቻ አይልም።

በመግቢያዬ ወደ ጠቀስኩት ሕንፃ ልመለስ። ባለቤቱን ይዤ ሰባተኛ ፎቅ ወጣሁና የልጁን ጥያቄ ደግሜ ጠየቅሁት፤ «እሱ የት ይሰረው?» መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ዝም አለ። በነገታው መሐንዲሱን ጠርቶ በኮሎኖቹ መካከል ከራስ በላይ የሚያልፍ የብረት ገመድ አሰላ። ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ለማሰሪያዎቹ ካወጣው ገንዘብ ያነሰ እንደወጣበት እሱ ራሱ ነግሮኛል። ስመለስ ያ ልጅ መንጠቆውን ከደረቱ አውጥቶ ከላይ አያይዞ ሲለስን አገኘሁት። ማሰሪያው ላይ ካርድ አለ፤ ካርዱ ላይ ቀንና የካፖው ፊርማ አለ።

ገመዱ ግን በየዓመቱ እያረጀ ይሄዳል። ሕንፃው አልቆ ማሰሪያዎቹ ወደ ሌላ ሳይት ሲጫኑ ካርዱ አብሮ ይጫን እንደሆነ አላውቅም። እናንተ ግን ነገ ጠዋት ወደየመሥሪያ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእሳት ማጥፊያ ካርድ ገልብጣችሁ የመጨረሻውን ፊርማ ቀን ማየት ትችላላችሁ።